መንቀያው ከቁራሌው፣ መለኪያው ከሱቅ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የአነስተኛ ሞተሮች ጥገና ዓምድ፣ ከድሬዳዋ

ባለፈው እትም ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተሮች የቫልቭ ልክ ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ መፍቻው ናቸው። አልገረመኝም። እዚህ ድሬዳዋ የሞተር መለዋወጫ ሞልቷል፤ ሞተሩን ሳይጎዱ የሚፈቱበት ልዩ መሣሪያ ግን ወይ አይገኝም፣ ወይ የተገኘው ዋጋው ከጥገናው ክፍያ ይበልጣል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ለመሣሪያ ብቻ ይሁን። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የሚይዝና የሚስብ መሣሪያ በእጅ ይሠራል፤ የሚለካ መሣሪያ ይገዛል። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆን ነገር አለ፤ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የውሃ ፓምፕና ጀነሬተር እጠግናለሁ። ቮላኖ ማውጫ መንቀያ የለኝም። ጎረቤቴ የሆነው ባለሙያ የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ እየመታ ያወጣዋል። እሱ ሲያደርገው ይሆናል፤ እኔ ስሞክረው ግን የሰው ዘንግ አበላሸሁ። መንቀያ ራሴ መሥራት እችላለሁ? የብረቱ ውፍረትስ ስንት ይሁን?
(ወጣት ጠጋኝ፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ትችላለህ። ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። መጀመሪያ ግን ስለ መዶሻው እንነጋገር።

ቮላኖ ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ከባዱ ክብ ብረት መሆኑን አንተ ታውቃለህ፤ የምናገረው ለሌሎች አንባብያን ነው። የሚቀመጠው እየሾጠጠ በሚሄደው የዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የቮላኖው ሾጣጣ ቀዳዳ በዘንጉ ሾጣጣ ላይ ይነክሳል፤ የሚይዘውም ይህ ንክሻ ነው። በመካከል የምትገባው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ጉልበት እንድትሸከም አልተሠራችም። የእሷ ሥራ ማግኔቱ በትክክለኛው ቅጽበት ለካንዴላው እሳት በሚያመነጨው በቦቢናው ፊት እንዲያልፍ ቦታ ማስያዝ ብቻ ነው። ዘንጉን በመዶሻ ስትመታ ምቱ በዘንጉ ውስጥ አልፎ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ ጫፉ ያብጥና ዳዶው ተመልሶ አይገባም፤ ማግኔቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከኋላ በሁለት ካቻቪቴ መፈልቀቅም ያው ነው፤ ካቻቪቴው የሚደገፈው በአሉሚኒየሙ የሞተር አካል ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ጎረቤትህ ተሳክቶለት ከሆነ፣ ያበላሻቸው ሞተሮች ተመልሰው ወደ እሱ ስለማይሄዱ ይሆናል። ምናልባት ወደ አንተ እየመጡ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቮላኖውን ከፊት ለፊት እይ። በመሃሉ ዙሪያ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ካሉት ዕድለኛ ነህ፤ ጠፍጣፋ መንቀያ ይበቃሃል። ከሌሉት ባለ መንጋጋ ያስፈልግሃል፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

ብረቱን ከቁራሌው ግዛ። ብዙ ሰው ጠንካራ ነው ብሎ የመኪና ባሌስትራ ይመርጣል፤ እኔ አልመክርም። ጥንካሬው ፑንታህን ይጨርሰዋል። ባሌስትራ ለመብሳት ፍም መስሎ እስኪቀላ አግለህ አመድ ውስጥ ቀብረህ ማሳደር አለብህ፤ ለዚህ ሥራ ያን ያህል ድካም አያሻውም። ከአሮጌ ተጎታች የተቆረጠ ተራ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል።

የቀዳዳዎቹን ርቀት ለማግኘት ካሊፐር አትፈልግ። የጫማ ካርቶን ቁረጥ፤ የዘንጉ ጫፍ ጎልቶ ስለሚወጣ መሃሉን ቀድደህ ልክክ አድርገህ አስገባው። ካርቶኑ እንዳይንሸራተት በአንድ እጅህ ይዘህ ግራሶ በነካው አውራ ጣትህ ከላይ ፈትገው። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታተማል። በደንብ ከፈተግከው የጥርሱ መጀመሪያ እንኳ ይታያል። ካርቶኑን ብረቱ ላይ ለጥፈህ የየክቡን መሃል በሹል ብረት ምታ፤ ከዚያ በ3 ሚሊ ፑንታ፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻም በሙሉ ልኩ ብሳው። ትራፓኖውን አታፍጥነው፤ ዘይት እያንጠባጠብክ በዝግታ ሂድ። የዳር ቀዳዳዎቹን ከብሎኑ በ1 ሚሊ ሜትር አስፋቸው፤ ካርቶን የሳተውን ይህች ክፍተት ትሸፍነዋለች። ይህን ሥራ ጠዋት ጨርሰው። የእኛን ከተማ ታውቃለህ፤ ከቀትር በኋላ ደጅ የዋለ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም።

መሃል ላይ የሚገባው የ14 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው። ማስኪዮ ካለህ ብረቱ ላይ ጥርስ አውጣለት። ከሌለህ ረጅም ዳዶ ከሥር፣ ማለትም ቮላኖውን በሚያየው ወገን፣ በይድበት። ለምን ከሥር? ብሎኑ ዘንጉን ሲገፋ ዳዶው ወደ ውጭ መሸሽ ይፈልጋል። ከሥር ከተበየደ ራሱ ብረቱ ይመክተዋል፤ ከላይ ከተበየደ ግን ጉልበቱን ሁሉ ብየዳው ብቻውን ይሸከማል፣ አንድ ቀንም ፊትህ ላይ ይፈነጠራል። ዳዶው የሚያብረቀርቅ ዚንክ የተቀባ ከሆነ ከመበየድህ በፊት በሞረድ አንሣው። የዚንክ ጭስ ከሳብክ ሌሊቱን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ነው የምታሳልፈው።

የመሃሉ ብሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የታተመበት ይሁን፤ ቁጥር የሌለውን ለዚህ ሥራ አትግዛ። ጫፉን በሞረድ አለስልሰው። በዘንጉ ጫፍ መሃል ቶርኖ ላይ ሲሠራ የቀረች ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች ኳስ በግራሶ ለጥፈህ እዚያ አስቀምጥ። ብሎኑ ኳሷን ይገፋል፣ ኳሷ ዘንጉን፤ ሲዞር ጉድጓዷን አይፍቃትም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የቮላኖውን ዳዶ ሙሉ በሙሉ አታውጣው፤ ከዘንጉ ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ መልሰው። የዘንጉን ጥርስ ይጠብቅልሃል፤ ቮላኖው ሲለቅም እግርህ ላይ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። መንቀያውን ከቮላኖው ቀዳዳዎች ጋር የሚያስሩት የዳር ብሎኖች በቂ ጥርስ ይንከሱ፣ ነገር ግን በጀርባ አልፈው ሽቦ እንዳይነኩ። መነጽር አድርግ። የመሃሉን ብሎን አጥብቅ፣ እምቢ ሲልህ ቁልፉ ላይ ቱቦ አትጨምር፤ የብሎኑን ራስ በትንሽ መዶሻ ቀጥ አድርገህ አንዴ ምታው። ጧ ብሎ ይለቃል። ካልለቀቀ ጥቂት አጥብቀህ ድገመው። በእሳት ማሞቅ የሚባለውን ምክር ግን አትስማ፤ ሙቀት ማግኔቱን ያዳክመዋል፣ ከጀርባ ያለውን የዘይት መከላከያ ጎማም ያቀልጠዋል።

ባለ መንጋጋው የሚሠራው በዚያው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ፈንታ ጫፋቸው በግለት የታጠፈ ሁለት ወይም ሦስት ክንዶች በብሎን ይታሰራሉ። መንጋጋው የሚይዘውን ቦታ ስትመርጥ ከማግኔቱ ራቅ በል።

እስካሁን የነገርኩህ ስለ ማውጣት ነው፤ ብዙ ሞተር የሚበላሸው ግን ሲመለስ ነው። ሾጣጣውን በቤንዚን አጥበህ አድርቀው፤ ግራሶ አይነካውም። ሽብልቋ ትንሽ እንኳ ጠርዟ ከተዛነፈ ቀይራት፤ እሷ ስትዛነፍ ካንዴላው ያለ ጊዜው እሳት ይሰጣል፣ ሞተሩም ገመዱን ከእጅህ ይመነጭቃል። ከዚያ ማጥበቂያው ነው። ሆንዳ ጂኤክስ 160 እና የእሱን ንድፍ ተከትለው የተሠሩት ሞተሮች የቮላኖ ዳዶ 75 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍ የለኝም እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከላይ ከደንቡ ውጭ የሚሆን አለ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን መለኪያ ራስህ ልትሠራው ትችላለህ።

ቀፊራ ገበያ ነጋዴው አንጠልጥሎ የሚመዝንበትን ባለ መንጠቆ ሚዛን ታውቀዋለህ። የቁልፉን መያዣ ከዳዶው መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ላይ በገመድ እሰረው፤ በሚዛኑ ከቁልፉ ጋር ዘጠና ዲግሪ ሠርተህ ሳብ። 19 ኪሎ ሲያሳይ 75 ኒውተን ሜትር ደርሰሃል። የቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ ብሎኖች በ24 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት 12 ኪሎ ገደማ። ፒስቶኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ የቢየላው፣ ብሎኖች በ12 ኒውተን ሜትር፤ በዚያው ርቀት 6 ኪሎ። ሚዛኑ ውሸታም እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ባዶ ጄሪካን ስቀል፣ ያየኸውን ጻፍ፣ 20 ሊትር ውሃ ሙላበትና እንደገና ስቀል፤ ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ካልሆነ ሚዛኑን ለባለቤቱ መልስለት፤ ለደንበኞቹም ንገርለት።

ጥያቄ፦ የሞተር መጋዝና በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ እጠግናለሁ። ዳዶ ስፈታ ሞተሩ አብሮ ይዞርብኛል። በካንዴላው ቀዳዳ ረጅም ብሎን አስገብቼ ፒስቶኑን ማቆም እችላለሁ?
(ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ)

መልስ፦ በብሎን አያቁሙት፤ በገመድ ያቁሙት። ብሎን የፒስቶኑን ራስ በአንዲት ነጥብ ይገፋል። አሉሚኒየም ነው፤ ይበሳል። የማስነሻ ገመድ ቁራጭ ግን ሲታጠፍ ሲተጣጠፍ ክፍሉን ይሞላና ጉልበቱን በሰፊው ያካፍላል። ገመዱ የተጠለፈ ናይሎን ይሁን፣ ጫፉ በእሳት ቀልጦ የተዘጋ፤ የሚበጣጠስ የቃጫ ገመድ ውስጥ ጭራ ይተዋል። ሌላኛውን ጫፍ ቋጥረው ውጭ ያስቀሩት።

እርስዎ የሚሠሩባቸው ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ አንድ ነገር መጠበቅ አለብዎት። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የጋዝ መግቢያና መውጫ መስኮቶች አሉ። ፒስቶኑ ዝቅ ብሎ ሳለ ገመድ ከሞሉበት በመስኮቱ ይገባና ፒስቶኑ ሲወጣ ይቆርጠዋል፣ አልያም ፋሻውን፣ ማለትም የፒስቶኑን ቀለበት፣ ይሰብራል። ስለዚህ አስቀድመው ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማፈኛውን፣ ያውጡና በመስኮቱ ይመልከቱ፤ ፒስቶኑ ወጥቶ መስኮቱን ሲሸፍነው ያኔ ገመዱን ያስገቡ። ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት፣ ፒስቶኑ እየጨመቀ በሚወጣበት ጊዜ ይሁን፤ የተከፈተ ቫልቭ በገመድ ሲገፋ ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ የውበት ሳሎን አለኝ። መብራት ሲጠፋ የምጠቀምበት ጀነሬተር እየደከመ መጣና ጠጋኙ በጌጅ ለክቶ «ኮምፕሬሽን የለውም፣ ፒስቶንና ፋሻ ይቀየር» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ብዙ ነው። እውነቱን የማውቅበት መንገድ አለ?
(ከከዚራ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጠጋኙ ዋሽቷል አልልም፤ ጌጁ ግን በእርስዎ ዓይነት ሞተር ላይ ብቻውን ምስክር አይሆንም። በአብዛኛዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ላይ አንዲት ትንሽ ዘዴ አለች፤ ገመዱ ሲሳብ ክንድ እንዳይከብደው የጭስ ማውጫውን ቫልቭ በጥቂቱ ከፍታ ትይዘዋለች። ሞተሩ ሲፈጥን ትለቀዋለች። ስለዚህ በገመድ እየተሳበ የሚለካ ግፊት ደህና ሞተር ላይም ዝቅ ብሎ ይታያል።

እውነቱን የሚናገረው ወደ ሲሊንደሩ አየር አስገብቶ በየት እንደሚወጣ ማዳመጥ ነው። ጠጋኝዎ የሚከተለውን መሣሪያ በአንድ ጠዋት ሊሠራ ይችላል፤ ይህን ገጽ ያሳዩት።

ያረጀ ካንዴላ ይወሰድ። የእነዚህ ሞተሮች ካንዴላ ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጥርስ ጥርስ 1.25፤ ከራሱ ሞተር የወጣ አሮጌ ካንዴላ ከሆነ ልኩን መጠየቅ አያስፈልግም። ነጩን ሸክላ ለማውጣት በመዶሻ መሰባበር የተለመደ ነው፤ ስብርባሪው ግን ዓይን ያጠፋል፣ ውስጥ የቀረችው ቅንጣትም ሲሊንደር ትፍቃለች። ንጹሑ መንገድ ሌላ ነው። ከስድስት ጎኑ በላይ ሸክላውን አቅፎ የያዘ የታጠፈ የብረት ከንፈር አለ። ያን ከንፈር በሞረድ ወይም በግራይንደር ዙሪያውን መብላት፤ ከዚያ ካንዴላውን ሞርሳ ላይ ይዞ ከጥርሱ ወገን በቀጭን ብረት መምታት ነው። ሸክላው ሳይሰበር ሙሉውን ይወጣል። የቀረው ባዶ ቀፎ ውስጥ ከአሮጌ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ የወጣ የናስ የአየር መግቢያ ይገባና በናስ ይበየዳል። የመግቢያው ውስጥ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ትውጣ፤ አየሩ እንዲያልፍ። ከመገጠሙ በፊት ታጥቦ በአየር ይነፋ። ኮምፕሬሶር ከሌለው ሞተሩን ተሸክሞ ጎሚስታ ዘንድ መሄድ ነው።

ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው መሆን አለበት፤ የቫልቮቹ ክንዶች በጣት ሲነኩ ሁለቱም ጥቂት ልቅ ካሉ ቦታው ትክክል ነው። አየሩ 2 ባር ይብቃው። ትንሽ ቢመስልም 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፒስቶን ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ይገፋዋል። ስለዚህ ቮላኖው በደንብ ይያዝ፣ የማስነሻ ገመዱን ማንም በእጁ አይያዝ።

ከዚያ ማዳመጥ። በካርቡሬተሩ በኩል ሽው ካለ የመግቢያው ቫልቭ አልገጠመም። በማርሚታው ከሆነ የጭስ ማውጫው ነው። የዘይት መሙያው ሲከፈት ከዚያ በኃይል ከነፈሰ ፋሻው አልቋል፤ በዚህ ጊዜ ጠጋኝዎ ልክ ነው፣ ይክፈሉት። እዚያ ላይ ጥቂት ትንፋሽ ግን በአዲስ ሞተርም አይጠፋም። በቴስታታው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ ካዩ ጋስኬቱ ነው። ችግሩ ቫልቭ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ በፊት ክፍተቱ ይታይ። ቫልቭ መላወሻ ካጣ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያን ማስተካከል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ መለዋወጫም አይጠይቅም።

ሌላው ነገር፣ ጀነሬተሩን ሳሎኑ ውስጥም ሆነ መስኮቱ ሥር እንዳያስነሡት። ጭሱ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለበት።

ጥያቄ፦ የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ስለሌለኝ በምላጭ እለካለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ልክ ነኝ?
(ባለ ፓምፕ ገበሬ፣ ከሐረማያ)

መልስ፦ ግማሽ ልክ ነዎት። ሁለት ወገን ያለው የጺም ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቆየው ዓይነት ጂኤክስ 160 ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የጭስ ማውጫው ቫልቭ 0.20 ይፈልጋል፤ ሁለት ምላጭ ሲደራረብ እዚያ ይደርሳል። የመግቢያው ግን 0.15 ነው፤ አንድ ተኩል ምላጭ የለም። እርሻ መሃል ሞተር ቢቆምብዎ ጭስ ማውጫውን በዚህ ያስነሡ፣ ከተማ ሲገቡ ግን የመለኪያ ቅጠሎቹን ይግዙ። ዋጋው ከአንድ ቫልቭ ያንሳል፣ ጣትም አይቆርጥም።

በቦቢናውና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተት ለስህተት ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል፤ 0.4 ሲሆን 0.2 ወዲያ ወዲህ ቢል ይፈቀዳል። ለእሱ የተለመደው የቢሮ ወረቀት ይበቃዎታል፤ አንዱ ቅጠል 0.1 ገደማ ስለሆነ ሁለቴ አጥፈው፣ አራት ድርብ አድርገው በመሃል ያስገቡ፣ ማግኔቱ ቦቢናውን ስቦ ሲያጣብቀው ብሎኑን ያጥብቁ፣ ወረቀቱን ይሳቡ። ቫልቭ ላይ ግን ወረቀት አይሠራም፤ ይጨፈለቃል።

ጥያቄ፦ ቫልቭ ስፕሪንግ መጭመቂያ እንዴት ይሠራል?
(ተለማማጅ፣ ከመጋላ)

መልስ፦ ቫልቮቹ በቴስታታው ላይ ለሆኑት ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች አትሥራው። ቴስታታውን የቫልቮቹ ራስ ወደ ታች ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከቫልቩ ራስ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርግ፤ በሁለት አውራ ጣትህ የስፕሪንጉን ቆብ ተጫንና ወደ ጎን ግፋው። ቆቡ ላይ አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ይሰፋል፤ በሰፊው በኩል ይወጣል። ለአንድ ሞተር ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ መሣሪያ ለመሥራት የምታጠፋውን ቀን ለሌላ አውለው።

ጥያቄ፦ የካርቡሬተር ጂግለር ስፈታ ራሱ እየተበላብኝ ተቸገርኩ። ቀዳዳውንም በሽቦ ሳጸዳ ሞተሩ ቤንዚን ያበዛል።
(የዚያው ተለማማጅ ሁለተኛ ጥያቄ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ ከእርሱ የሚወጣው መሣሪያ ከሁሉ ርካሹ ነው። ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሿ ብሎን፣ ናስ ነው፣ ናስ ልስልስ ነው። የካቻቪቴህ ምላስ ከሥንጥቁ ከቀጠነ ወይም ከጠበበ ጠርዙን ይበላዋል። ያረጀ ካቻቪቴ ወስደህ በተለይ ለዚህ ቅረጸው። ምላሱ ሥንጥቁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሙላ፣ ስፋቱም ከጂግለሩ ራስ አይለፍ፤ ጉድጓድ ውስጥ ስላለ ጎኖቹ የካርቡሬተሩን ጥርስ እንዳይፍቁ። የሱቅ ካቻቪቴ ምላስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይገፋል፤ አንተ ግን ሁለቱን ፊት ትይዩ አድርገው። ግራይንደር ላይ ስትስለው በየጊዜው ውሃ ውስጥ ንከረው። ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ብረቱ ለስልሷል፤ ያን ክፍል ቆርጠህ ጣለውና እንደገና ጀምር። የእኔው አንዱ ከብስክሌት ፔዳል ዘንግ የተሠራ ነው፣ መያዣው የወይራ እንጨት፤ ለተለማማጆቼ አላውስም።

ስለ ቀዳዳው፦ የጂግለር ቀዳዳ ራሱ ልክ ነው፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው እሱ ነው። የብረት ሽቦ ስታስገባና ስታወጣ ናሱን ታሰፋዋለህ፤ ሞተሩ ያበዛብህ ለዚህ ነው። ማጽጃህ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ይሁን፣ ከእሱም በፊት ቤንዚን ውስጥ ማሳደርና በአየር መንፋት። አንዴ የሰፋውን ግን የሚመልሰው የለም፤ አዲስ ግዛ።

ጥያቄ፦ መንቀያና መሰል ነገሮችን ለመቀጥቀጥ መስፍ እፈልጋለሁ። አንድ ሰው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሊሸጥልኝ ነው። ይሆናል?
(ከለገሃሬ)

መልስ፦ ብረቱ ይሆናል፣ ግዢው አይሆንም። የሐዲድ ብረት በጣም ጥሩ መስፍ ይወጣዋል፤ ራሱ ወፍራም፣ በጉልበት የማይጎደጉድ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የሠሩ ሰዎች እጃቸውን ያፍታቱት በእንዲህ ዓይነት ብረት ላይ ነው። አጎቴም ከእነሱ አንዱ ነበር፤ የሚያስፈልገውን መፍቻ ከፈረንሳይ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ጠዋት ሥሎ ማታ ይዞት ይገባ ነበር። ነገር ግን ሐዲድ የሕዝብ ንብረት ነው። መንገድ ላይ የሚያቀርብልህ ሰው በጨረታ የገዛበትን ወረቀት ካላሳየህ ከየት እንደቆረጠው እኔም አንተም እናውቃለን፤ ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ የሚገኘው አንተ ሱቅ ውስጥ ነው።

ወረቀት የማያስፈልገው ሌላ ምርጫ አለ። የከባድ መኪናን የኋላ ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ሲሰበር ቁራሌው ጋር ይሄዳል። ጫፉ ላይ ብሎኖች የሚገቡበት ሰፊ ክብ አለው። ዘንጉን አንድ ክንድ ያህል አስቀርተህ አስቆርጠው፤ ክቡ ወደ ላይ ሆኖ በአሸዋ በተሞላ በርሜል መሃል ቀጥ አድርገህ ቅበረው፣ ከሥሩ ወፍራም ብረት አስቀምጥለት፤ አለዚያ በየምቱ እየሰመጠ ይሄዳል። ክቡ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎችም ይጠቅሙሃል፤ የመንቀያውን ክንዶች ስታጥፍ የጋለውን ጫፍ እዚያ ውስጥ አስገብተህ ዝቅ ታደርገዋለህ። አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ ማምጣት ትችላለህ፤ በወንፊት አሳልፈው፣ ጠጠር ካለው ዘንጉ ይንገዳገድብሃል።